በጎማ ጎን ላይ የታተመው ደረጃ ታሪክ

«ትሬድዌር 400፣ ትራክሽን ኤ፣ ቴምፕሬቸር ኤ» የሚለውን በጎማ ጎን ላይ የታተመ ጽሑፍ ብዙ ገዢ እንደ አንድ የጥራት ምስክር ቢቆጥረውም፣ ሦስቱ አንዱ ሌላውን የማይተካ የተለያዩ ልኬቶች ናቸው። መነሻቸው እ.ኤ.አ. በ1966 በአሜሪካ የወጣው የትራፊክና የሞተር ተሽከርካሪ ደኅንነት ሕግ ሲሆን፣ ሕጉ ሸማቹ ጎማዎችን አስተያይቶ እንዲገዛ የሚያስችል ወጥ የደረጃ አሰጣጥ እንዲዘጋጅ ቢያዝም፣ አምራቾች ደንቡን በፍርድ ቤት ስለተከራከሩት ሥራ ላይ የዋለው በ1970ዎቹ መጨረሻ ነበር።

ከሦስቱ እጅግ ያከራከረው ትሬድዌር፣ ማለትም የጎማው ጥርስ በመንገድ ላይ ምን ያህል ጊዜ እንደሚቆይ የሚያመለክተው ቁጥር ነው። ፈተናው የሚካሄደው በቴክሳስ፣ በሳን አንጄሎ ከተማ ዙሪያ ባለ 640 ኪሎ ሜትር ገደማ የሕዝብ መንገድ ላይ ሲሆን፣ ከአራት የማይበልጡ መኪኖች ተከታትለው 11,500 ኪሎ ሜትር ያህል ይነዳሉ፤ በየ1,280 ኪሎ ሜትሩም በጥርሶቹ መካከል ያለው ቦይ ጥልቀት እየተለካ፣ አብሮ ከሚሽከረከር ማነጻጸሪያ ጎማ ጋር ይተያያል። በዚህ መንገድ ላይ 200 ያገኘ ጎማ 100 ካገኘው እጥፍ ዕድሜ እንዲኖረው ይጠበቃል። ይሁንና ጎማው እስኪያልቅ ስለማይነዳ ቁጥሩ ከአበላሉ ተነሥቶ የሚሰላ ግምት ነው፤ ደረጃውንም የሚሰጠው መንግሥት ሳይሆን አምራቹ ራሱ በመሆኑ የሁለት ድርጅቶችን ቁጥር ፊት ለፊት ማወዳደር አሳሳች ነው። ደንቡን የሚያስፈጽመው የአሜሪካ መንግሥት መሥሪያ ቤትም ውጤቱ ይዋዥቃል በማለት በ1983 አግዶት ነበር፤ በሚቀጥለው ዓመት ግን የሸማቾች ተሟጋቾች በመክሰሳቸው ፍርድ ቤት እገዳውን ሻረው።

ትራክሽን የተቆለፈ ጎማ በእርጥብ አስፋልትና በእርጥብ ኮንክሪት ላይ ቀጥ ብሎ ሲጎተት መንገዱን የሚይዝበትን መጠን ይለካል፤ በመታጠፊያ ወይም በደረቅ መንገድ ስላለው ጠባይ ግን አንዳች አይናገርም። ቴምፕሬቸር ጎማው በፍጥነት ሲነዳ የሚፈጠረውን ሙቀት የሚቋቋምበትን ደረጃ ያሳያል።

አውሮፓውያን ሌላ ጥያቄ ጠየቁ። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2012 ሥራ ላይ የዋለው የአውሮፓ ኅብረት መለያ በነዳጅ ፍጆታ፣ በእርጥብ መንገድ አያያዝና በሚያሰማው ድምፅ ላይ ሲያተኩር፣ አሜሪካኖች አብዝተው የደከሙበትን የጥርስ ዕድሜ ተወው። ይህ የሳይንስ ልዩነት ብቻ አይመስልም፤ ነዳጅ የሚወደድበት አገር ከሩቅ መንገደኛ አገር የተለየ ቅድሚያ እንዳለው ያሳያል።

ይህ የቅድሚያ ምርጫ በግልጽ የሚታየው ግን የተለያዩ ውጤቶች ወደ አንድ ነጥብ በሚጨመቁበት ፈተና ነው። የጀርመን አውቶሞቢል ክበብ አዳክ ከ2023 ጀምሮ ለአነዳድ ደኅንነት 70 በመቶ፣ ለአካባቢ ጥበቃ ደግሞ 30 በመቶ ክብደት ይሰጣል፤ ነገር ግን በእርጥብ መንገድ ደካማ የሆነ ጎማ በሌላው ሁሉ ቢልቅ እንኳ አጠቃላይ ውጤቱ ዝቅ እንዲል ያደርጋል። ዝናብ በማያውቅ ቆላ የሚኖር አሽከርካሪ በዚህ ነጥብ ቢመራ ለማያስፈልገው ነገር ይከፍላል፤ በዝናብ ወቅት በየቀኑ ቁልቁለት የሚወርደው ግን የትሬድዌሩን ቁጥር ትቶ የእርጥብ መንገዱን ውጤት አስቀድሞ ይፈልጋል።