አምባሰልና ባቲ፦ በመስታወት የሚተያዩ ቅኝቶች

አንድ ኦክታቭ 12 ግማሽ ድምፆች አሉት። አምባሰል ቅኝት ከመነሻው ተነሥቶ 1፣ 4፣ 2፣ 1፣ 4 እያለ ይወጣል፤ ጠባብ እርምጃ፣ ሰፊ እርምጃ፣ መሸጋገሪያ፣ ከዚያ ያው ጠባብና ሰፊ። ቁጥሮቹን ከኋላ ወደ ፊት ስናነባቸው 4፣ 1፣ 2፣ 4፣ 1 ይሆናሉ። ይህ ባቲ ሜጀር ነው! በወሎ ቦታዎች ስም የሚጠሩት ሁለቱ ቅኝቶች አንዱ የሌላው የመስታወት ምስል ናቸው።

በክራር ላይ ነገሩ በእጅ ይዳሰሳል። ከአምባሰል ወደ ባቲ ለመሻገር ሦስቱ ድምፆች ባሉበት ይቆያሉ፤ ሁለተኛውና አምስተኛው ብቻ እያንዳንዳቸው በ3 ግማሽ ድምፅ ይከራሉ። ያኔ የዜማው ስሜት ሁሉ ይለወጣል።

የመስታወት መተያየት ለጆሮ ብቻ አይደለም፤ ዓይንም የራሱ ታሪክ አለው። አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ዘመን የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳምን የትምህርት ማዕከል አደረጉት፤ በ1280/81 እ.ኤ.አ. ለገዳሙ የሰጡት አራቱ ወንጌል እስከ ዘመናችን ደርሷል። እንዲህ ባሉ የጥንት የኢትዮጵያ ወንጌሎች መግቢያ ላይ የአውሳብዮስ ሠንጠረዦች (በአራቱ ወንጌላት የሚመሳሰሉ ክፍሎች ማውጫዎች) በዓምድና በቅስት ተከበው ይሣላሉ፤ ከቅስቱ በላይ ወፎች ግራና ቀኝ ፊት ለፊት ይተያያሉ። በእጅ የተሣለ ነውና ግራው ከቀኙ ጥቂት ይለያል። ለእኔ ውበቱ እዚያ ልዩነት ላይ ነው።

የመስታወት ምስል ሁሉ ግን ከዋናው ጋር አይገጥምም። ትዝታ ሜጀር ቢገለበጥ መነሻው ይቀየራል እንጂ ያው የድምፆች ዙር ነው። አምባሰል ግን ከየትኛውም ድምፅ ቢጀመር ባቲን አይሆንም፤ ቀኝ እጅ በግራ ጓንት እንደማይገባ ማለት ነው። ሳይንቲስቱ ሉዊ ፓስተር በ1848 እ.ኤ.አ. ይህንኑ በኬሚስትሪ አገኘው፤ የአንድ ጨው ክሪስታሎችን በማጉያ እያየ ቀኝና ግራ ለይቶ ቢያሟሟቸው፣ አንዱ የብርሃንን የንዝረት አቅጣጫ ወደ ቀኝ፣ ሌላው ወደ ግራ አዞረ። 

የአምባሰል ድምፃውያን የቅኝቱን ሥርዓት ያቆዩት በጆሯቸው ነው። በሐይቅና በውጫሌ የምታስተምሩ የሒሳብ መምህራን ሆይ፣ ስለ ሲሜትሪ፣ ማለትም ስለ እንዲህ ያለ መመሳሰል፣ በምታስተምሩበት ቀን ክራር ደርዳሪ ጋብዙ፤ ተማሪዎቻችሁ አምባሰልን ሰምተው ቁጥሩን ይጻፉ፣ ገልብጠው ባቲን ያግኙ።