ፊት ለፊት የተቀመሰ፦ ከጠላ ቤት እስከ ቢራ ፋብሪካ የገብስና የደንበኛ ታሪክ በኮምቦልቻና አካባቢዋ

«ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» እንደሚባለው ስለ ገብስ ጥራትና ስለ ገበያው ሲነሳ መነሻው ፋብሪካው ሳይሆን የሰፈር ጠላ ቤት ሊሆን ይገባል። እንደሚታወቀው በደቡብ ወሎ ደጋማ ወረዳዎች፣ በደሴ ዙሪያ፣ በኩታበር፣ በለጋምቦ ገብስ በመኸርም፣ በልግ በሚጥልበት ቦታ በበልግም የሚመረት ዋነኛ ሰብል ነው። አርሶ አደሩ «ገብስ የእህል ንጉሥ» የሚለው ያለ ምክንያት አይደለም። እንጀራው፣ ገንፎው፣ በሶው፣ ቆሎውና ጠላው ሁሉ ከእርሱ ይገኛል።

የጠላ ቤቱ ደንብ

ፋብሪካ ሳይታወቅ በፊት በየሰፈሩ ጠማቂዋ እናት ነበረች። ጋኑን በግራዋ አጥባ፣ በወይራ አጥና፣ ጌሾና ብቅል ጠንስሳ፣ ቂጣና አሻሮ ጨምራ ትደፈድፋለች። ጠላው ሲደርስ ከደጅ በእንጨት ጫፍ ጣሳ ደፍታ ታቆማለች። ያ ጣሳ ማስታወቂያዋ ነበር። ጠላው ሲያልቅ ጣሳው ይወርዳል።

ደንበኛው ቤቱን የሚመዝንባቸው ነገሮች የታወቁ ናቸው። አንደኛው የዕቃው ንጽሕና ነው። ሁለተኛው ልኩ ነው፤ ጣሳው ሞልቶ መቅረብ አለበት። ሦስተኛው እውነተኛነቱ ነው፤ ቅራሪውን ከዋናው ጠላ ጋር ቀላቅሎ በዋናው ዋጋ የሚሸጥ ቤት ስሙ በአንድ ሳምንት ይጠፋል። አራተኛው ደግሞ አቀራረቡ ነው። አስተናጋጇ ለደንበኛው ከመስጠቷ በፊት ከጣሳው ጥቂት በመዳፏ አፍስሳ ራሷ ትቀምሳለች። ይህ ልማድ ለክብር ብቻ የተደረገ አይደለም። «ያቀረብኩልህን እኔም ጠጥቼዋለሁ» የሚል ማረጋገጫ ነው።

ጠላ ውሎ ሲያድር ይኮመጥጣል፤ ለረጅም ጊዜ ተከማችቶ የሚቆይ መጠጥ አይደለም። በመሆኑም የጠማቂዋ ገበያ በእግር ከሚደረስበት ሰፈር አያልፍም ነበር። ይህ ጉዳት ቢመስልም አንድ ትልቅ ጥቅም ነበረው። ቅር የተሰኘ ደንበኛ ቅሬታውን የሚነግራት ለራሷ ለጠማቂዋ ነው፤ እርሷም በሚቀጥለው ጥንስስ ታስተካክላለች። የተረፈው አተላም ለከብት መኖ ስለሚውል ከእህሉ የሚባክን አልነበረም።

ወሎ የክርስቲያኑም የሙስሊሙም አገር እንደመሆኑ አልኮል የማይጠጣው ቤተሰብ የራሱ የገብስ መጠጥ አለው። ቀሪቦ የሚዘጋጀው ገብሱ ጠቆር እስኪል ተቆልቶ፣ ተፈልቶ፣ ስኳርና እርሾ ተጨምሮበት አድሮ ነው። በዓልና ሠርግ ላይ እንግዳ የሚስተናገድበት በመሆኑ የገብስ ገበያ የቢራ ገበያ ብቻ አለመሆኑን ያስገነዝባል።

ፋብሪካው ሲመጣ

በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የቢራ ፋብሪካ ቅዱስ ጊዮርጊስ በ1915 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተቋቋመ። በ1967 ዓ.ም. በደርግ ከተወረሱት ድርጅቶች አንዱ ሲሆን፣ በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ቢጂአይ በተባለው የፈረንሳዩ የካስቴል ኩባንያ እጅ ገባ። በዚያው ዘመን ይኸው ድርጅት በኮምቦልቻ ሁለተኛ ፋብሪካ ከፈተ። ከደሴ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ዝቅ ብላ የምትገኘው ኮምቦልቻ በጨርቃ ጨርቅና በሥጋ ፋብሪካዋ ትታወቅ ነበር፤ አሁን የቢራ ከተማም ሆነች። በምሥራቅ በኩል ባለችው የገበያ ከተማ በባቲ ስም የተሰየመ ቢራም ለገበያ ቀርቧል።

ፋብሪካው ጠማቂዋ ያልቻለችውን ነገር ቻለ። ጠርሙሱ ከታሸገ በኋላ 60 ዲግሪ አካባቢ በሆነ ሙቀት ስለሚታከም ቢራው ለወራት ሳይበላሽ ይቆያል። ጠርሙሱ ቡናማ የሆነው ብርሃን ከሆፕ ጋር ሲገናኝ መጥፎ ሽታ ስለሚያመጣ ነው። ይሁን እንጂ ጠጪው ከጠማቂው ተራራቀ። ባለ ግሮሰሪው መካከል ገባ። ሳጥኑን ፀሐይ ላይ ያቆመ፣ የድራፍት ቧንቧውን ያላጠበ፣ ጃምቦውን በአረፋ የሞላ ነጋዴ የፋብሪካውንም የገበሬውንም ድካም ከንቱ ያደርገዋል። ጠጪው ግን የሚወቅሰው በጠርሙሱ ላይ ያለውን ስም ነው።

ለዚህም ነው በየመጠጥ ቤቱ አንድ የቆየ ደንብ ሳይጠፋ የቀረው። ቢራ የሚከፈተው በደንበኛው ፊት ነው። ተከፍቶ የመጣ ጠርሙስ ይመለሳል። የጠላ ቤቷ እናት በመዳፏ ስታደርግ የነበረውን ማረጋገጫ አሁን ቆርኪው ተክቶታል ማለት ይቻላል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አልኮል መሸጥን ስለከለከለ፣ የመልካም አገልግሎት መለኪያው ለማን አለመሸጥ እንዳለበት ማወቅንም ይጨምራል።

በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን ሲያዳርስ የከተማዋ ፋብሪካዎች ለዝርፊያና ለጉዳት ተዳርገዋል። ከተሞቹ በኅዳር ወር ነፃ ሲወጡ ብዙ ሠራተኛ ከሥራ ውጭ ነበር። በዚያ ወቅት በየሰፈሩ የጣሳ ምልክቱን ከሁሉ ቀድማ መልሳ ለማቆም የምትችለው ጋንና ጥቂት ብቅል ያላት እናት ነበረች። አነስተኛ ንግድ በክፉ ቀን ያለው ዋጋ ከዚህ ይታያል።

የገብሱ መንገድ

አርሶ አደሩን በቀጥታ የሚመለከተው ጉዳይ እዚህ ላይ ነው። የቢራ ፋብሪካ ገብስን እንዳለ አይገዛም፤ የሚፈልገው ብቅሉን ነው። የአሰላ ብቅል ፋብሪካ በ1976 ዓ.ም. ሥራ ቢጀምርም የቢራ ፋብሪካዎች ሲበራከቱ የአገር ውስጡ ብቅል ስላልበቃ ለብዙ ዓመታት ከአውሮፓ በውጭ ምንዛሪ ሲገባ ቆይቷል። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ በአዲስ አበባና በደብረ ብርሃን ትላልቅ የብቅል ፋብሪካዎች ተከፍተዋል። ደብረ ብርሃን ከኮምቦልቻ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች በመሆኗ ገበያው ለደቡብ ወሎ ደጋ ከቀድሞው ይልቅ ቀርቧል።

ነገር ግን ብቅል የሚሆነው ሕይወት ያለው ገብስ ነው። ከ100 ፍሬ ቢያንስ 95ቱ መብቀል ይጠበቅባቸዋል። ርጥብ ሆኖ የተከመረ ገብስ ይሞቃል፣ ፍሬውም ይሞታል። ዝርያው የተደባለቀ ከሆነ አንዱ ቀድሞ ሲበቅል ሌላው ይዘገያል፤ ብቅሉም ወጥ አይሆንም። ዩሪያ ከመጠን በላይና ዘግይቶ ሲጨመር የፍሬው ፕሮቲን ይበዛል፣ ቢራውም ይደፈርሳል። ሆልከር፣ ሚስካል 21 እና ኢቦንን የመሳሰሉ የብቅል ገብስ ዝርያዎች የወጡት ይህን ፍላጎት ለማሟላት ነው። ለእንጀራና ለቆሎ ምስጉን የሆነው ነባሩ ገብስ ከእነዚህ ጋር በአንድ ጆንያ ሲገባ ሁለቱም ዋጋቸውን ያጣሉ።

ጭነቱ ከፋብሪካ በር ሲመለስ የመኪናው ኪራይ የሚወጣው ከአባሉ ትርፍ ነው። የከፋው ግን እርሱ አይደለም። ንጹሕ ገብስ ያመጣው አባል ያልለየው ጎረቤቱ በሠራው ጥፋት አብሮ ይቀጣል፤ በሚቀጥለው ዓመትም «መልፋቴ ለምን?» ብሎ ለነጋዴ ይሸጣል። ኅብረት ሥራ ማኅበር የሚፈርሰው እንዲህ ባለ ቅሬታ ነው።

ፊት ለፊት ይለካ

የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 147 በ1991 ዓ.ም. ሲወጣ፣ በኋላም በ2009 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 985 ሲተካ፣ መሠረቱ አባሉ ባለቤትም ተጠቃሚም ነው የሚል ነው። ባለቤት ደግሞ እህሉ ሲመዘን ማየት ይገባዋል። በመሆኑም በዩኒየኑና በመሠረታዊ ማኅበራቱ መጋዘኖች ናሙናው በአባሉ ፊት ከጆንያው ይወሰድ፤ ርጥበቱ በፊቱ ይለካ፤ ውጤቱ ይነገረው፤ በደረጃው መሠረትም ዋጋው ይለይ። የብቅሉና የምግቡ ገብስ ለየብቻ ይቀመጥ። የወረዳ ኅብረት ሥራና የግብርና ጽሕፈት ቤቶችም የሚዛንና የርጥበት መለኪያ ትክክለኛነትን በየወቅቱ ቢያረጋግጡ ከስብሰባ ብዛት የበለጠ እምነት ይገነባሉ።

ይህ አሠራር ከውጭ የመጣ እንግዳ ነገር አይደለም። ጠማቂዋ እናት ከደንበኛዋ ፊት ቆማ ከጣሳው ቀምሳ ስትሰጥ የኖረችበት ደንብ ነው። ከሰፈር ጠላ ቤት የተጀመረው ይህ መልካም ልማድ በመጋዘኑም ሚዛን ላይ ይቀጥል።