ሁለት ካንሰር በአንድ ታማሚ፦ ከቀዶ ሕክምናው በፊት የሚመለሰው ጥያቄ

በነፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ በጎፋ ወይም በመካኒሳ የሚኖር ሰው ዕጢ ተጠርጥሮበት ከጤና ጣቢያ ወደ ሆስፒታል ሲላክ፣ በሪፈር ወረቀቱ ላይ የሚጻፈው አንድ ሕመም ነው። አልፎ አልፎ ግን ለቀዶ ሕክምና ዝግጅት በሚደረገው ምርመራ በሌላ የሰውነት ክፍል ላይ ሁለተኛ ዕጢ ይገኛል።

ይህ ዕጢ ከመጀመሪያው የተሠራጨ ነው ወይስ ራሱን የቻለ ካንሰር? ሥርጭት ከሆነ ሕክምናው ብዙውን ጊዜ ዕድሜን ማራዘምና ሥቃይን ማስታገስ ላይ ያተኩራል። ሁለቱም ገና ያልተሠራጩ፣ ለየብቻ የተነሡ ካንሰሮች ከሆኑ ግን ሁለቱንም ቆርጦ በማውጣት የመዳን ተስፋ አለ። በስህተት «ተሠራጭቷል» የተባለ ታማሚ ይህን ዕድል ያጣል።

ዋረንና ጌትስ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እንደ ጎርጎሮሳውያን አቆጣጠር በ1932 ያወጡት መስፈርት ዛሬም መነሻ ነው፤ ሁለቱም ዕጢዎች በፓቶሎጂ ካንሰር መሆናቸው ሊረጋገጥ፣ አንዱም የሌላው ሥርጭት አለመሆኑ ሊታወቅ ይገባል። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ዕጢ ለየብቻው ናሙና ይወሰዳል። የአንዱን ውጤት ይዞ ሌላውን መገመት አይበቃም።

በቅደም ተከተል ረገድ ለሕይወት ይበልጥ የሚያሰጋው ይቀድማል፤ አንጀት የዘጋ ዕጢ ቀጠሮ አይጠብቅም። የታማሚው አቅም ከፈቀደ ሁለቱም በአንድ ቀን ሊወጡ ይችላሉ። ጡትና አንጀት ከሆኑ፣ የአንጀት ጀርም ንጹሑን ቁስል እንዳይበክል ጡቱ ይቀድማል።

አስቸጋሪው የምግብ ቧንቧና የጨጓራ ካንሰር አብረው ሲገኙ ነው። በኢትዮጵያ በተለይ በአርሲና በባሌ በብዛት የሚታየው የምግብ ቧንቧ ካንሰር በቀዶ ሕክምና ሲወጣ፣ ሐኪሞች አብዛኛውን ጊዜ ጨጓራን እንደ ቱቦ አብጅተው ወደ ላይ በመሳብ ይተኩታል። ጨጓራውም ከታመመ መተኪያው ራሱ ሊታጣ ይችላል፤ ያን ጊዜ ከትልቁ አንጀት ክፍል ተወስዶ ይቀጠላል፤ ቀዶ ሕክምናውም ይረዝማል፣ አደጋውም ይጨምራል። ይህ ታማሚው ከተከፈተ በኋላ ሊደረስበት የሚገባ ግኝት አይደለም። ኢንዶስኮፒው በተቻለ መጠን ጨጓራውንም ማየት ያለበት ለዚህ ነው።

ለትልቁ አንጀት ካንሰርም ተመሳሳይ ነው። ከቀዶ ሕክምናው በፊት አንጀቱ በሙሉ በኮሎኖስኮፒ ይታያል። ዕጢው መንገዱን ዘግቶ መሣሪያው ካላለፈ፣ ምርመራው ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ከ3 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ ይሟላል። ቁስሉ የዳነለት ታማሚ ይህን ቀጠሮ በቀላሉ ሊተወው ይችላል።