እስር ቤትና የእስረኛ ሐቅ በኢስላም ታሪክ

ዛሬ «ቅጣት» ሲባል ቀድሞ የሚታሰበን እስር ቤት ነው። በቀደምት ሙስሊሞች ዘንድ ግን እስር በአብዛኛው ተጠርጣሪ ጉዳዩ እስኪጣራ፣ ባለዕዳም የሰው ሐቅ እስኪመልስ የሚያዝበት መንገድ ነበር።

ግድግዳ የሌለው እስር

በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዘመን ለእስር ተብሎ የተሠራ ቤት አልነበረም። የበኒ ሐኒፋ አለቃ ሡማመህ ኢብኑ ኡሣል ተይዞ መዲና ሲመጣ የታሰረው በመስጂዱ ምሰሶ ላይ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) እየመጡ ያነጋግሩት ነበር፤ በሦስተኛው ቀን እንዲፈታ አዘዙ። እሱም ሄዶ ታጠበና ተመልሶ ሰለመ። ታሪኩን ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል።

ባለዕዳ ሲሆን ደግሞ አበዳሪው ከጎኑ ሳይለይ ይከታተለው ነበር፤ ፉቀሃዎች ይህን «ሙላዘማ» ይሉታል። በአገራችን አበዳሪና ተበዳሪ በአንድ ሰንሰለት ይታሰሩበት ከነበረው «ቁራኛ» ጋር ይቀራረባል። ኢብኑል ቀይም (751 ሂጅራ የሞቱ) ይህን ሁሉ ሲያጠቃልሉ፣ ሸሪዓዊ እስር ሰውየውን በራሱ ፈቃድ እንዳይንቀሳቀስ ማገድ እንጂ ጠባብ ቦታ ማጎር አይደለም ይላሉ። መክፈል ለማይችል ባለዕዳ ቁርኣን (አል-በቀራህ 280) እስኪያገኝ ድረስ ጊዜ እንዲሰጠው ያዛል።

የመጀመሪያዎቹ እስር ቤቶች

ግዛቱ ሲሰፋ ቤት አስፈለገ። በዑመር (ረ.ዐ) ዘመን የመካ ሹማቸው የሶፍዋን ኢብኑ ኡመያን ቤት ለእስር ቤትነት ገዛ። ዐሊይ (ረ.ዐ) ኩፋ ላይ መጀመሪያ ከሸምበቆ አሠሩ፤ ሌቦች ሰብረው ስላመለጡ ከጭቃ ሌላ እንዳሠሩ ይተረካል።

የአቡ ዩሱፍ ማሳሰቢያ

እስር ቤቱ ሲበዛ በደሉም በዛ። ቃዲ አቡ ዩሱፍ (182 ሂጅራ፣ እ.ኤ.አ 798 የሞቱ) ለኸሊፋ ሃሩን አር-ረሺድ በጻፉት «ኪታቡል ኸራጅ» እስረኞች በሰንሰለት እየተጎተቱ ምጽዋት እንደሚለምኑ፣ ዘመድ የሌለው እስረኛ ሲሞትም ሳይታጠብ፣ ሳይከፈንና ሳይሰገድበት እንደሚቀበር ገለጹ። ከዚያም መፍትሔውን ዘረዘሩ፦

• ለእያንዳንዱ እስረኛ በየወሩ 10 ድርሃም ከበይተልማል ይመደብ፤ የበጋና የክረምት ልብስም ይሰጠው።
• ምግብ በዓይነት ቢላክ ጠባቂዎች ይወስዱታልና፣ የታመነ ሰው ስማቸውን መዝግቦ ገንዘቡን በእጃቸው ይስጥ።
• ዘመድ የሌለው ሲሞት ጀናዛው በበይተልማል ወጪ ይዘጋጅ፤ ይሰገድበት።
• ሹማምንት የእስረኞችን ጉዳይ ዘወትር ይመርምሩ፤ ክስ የሌለበት ይፈታ።

ከእሳቸው በፊት ዑመር ኢብኑ ዐብዱልዐዚዝ (99–101 ሂጅራ) ለሹሞቻቸው፣ እስረኛን ቆሞ መስገድ በሚከለክል ሰንሰለት እንዳያስሩ ጽፈው ነበር።

ቃዲው ከየት ይጀምራል?

ዑለሞች በጻፏቸው የዳኝነት ኪታቦች አዲስ የተሾመ ቃዲ ቅድሚያ ከሚሰጣቸው ሥራዎች አንዱ የእስረኞችን ጉዳይ ማየት ነው፤ ያለ ሐቅ የታሰረ ሰው እያንዳንዷ ቀን በደል ናትና። ዑለሞቹ ይህን የሚያውቁት በወሬ ብቻ አልነበረም። የአቡ ዩሱፍ መምህር ኢማም አቡ ሐኒፋ በኸሊፋው አል-መንሱር ታስረዋል፤ ኢብኑ ተይሚያህም በ728 ሂጅራ (እ.ኤ.አ 1328) በደማስቆ ምሽግ እንደታሰሩ ሞተዋል።

ሰው በወንጀሉ ቢታሰርም መብላት፣ መልበስ፣ መስገድና በክብር መቀበር ሐቁ ሆኖ ይቀጥላል። ይህንንም ሐቅ የመጠበቅ አማናው ባሰረው አካል ላይ ነው።