አንጂዮጀነሲስ፦ የደም ሥር ማቆጥቆጥ

አንጂዮጀነሲስ ማለት ከነባር የደም ሥር ላይ አዲስ ቀጭን የደም ሥር መውጣት ነው። የተቆረጠ ባሕር ዛፍ ከጉቶው እንደሚያቆጠቁጥ ሁሉ ይህም ከነበረው ላይ ይበቅላልና «የደም ሥር ማቆጥቆጥ» ቢባል ይስማማዋል። «የደም ሥር መፈጠር» የሚለው ግን በፅንስ ጊዜ የደም ሥር ከመነሻው ለሚሠራበት ሂደት፣ ለቫስኩሎጀነሲስ፣ ቢቀመጥ ይሻላል።

ማቆጥቆጡ በራሱ በሽታ አይደለም፤ ቁስል የሚሽረውም በእሱ ነው። ጉዳዩን ያገነነው አሜሪካዊው ቀዶ ሐኪም ጁዳ ፎክማን በ1971 እ.ኤ.አ. የካንሰር ዕጢ ያለ አዲስ የደም ሥር ሊገዝፍ አይችልም ብሎ በመጻፉ ነው። ነገሩ ግን በካንሰር አላበቃም።

ክሮንስ እና አልሰረቲቭ ኮላይትስ አንጀትን ለዓመታት የሚያስቆጡ ሕመሞች ናቸው። የተቆጣው አንጀት ኦክስጅን ሲያጥረው ሴሎቹ ቪኢጂኤፍ የተባለ ፕሮቲን ያመነጫሉ፤ የደም ሥሩም ያቆጠቁጣል። ደም ከበዛ ፈውስ ቀረበ ያሰኛል። የለም! አዲሶቹ የደም ሥሮች ያልጠነከሩ ስለሆኑ ፈሳሽ ያሾልካሉ፣ አንጀቱንም ያሳብጣሉ። የውስጥ ግድግዳቸው ነጭ የደም ሴሎችን የሚይዝ ፕሮቲን ያበዛል፤ ሴሎቹ እዚያ ተጣብቀው ወደ አንጀቱ ሥጋ ይዘልቁና ብግነቱን ያባብሱታል። ሕመሙ ሲቆይ ደግሞ የደም ሥሮቹ ናይትሪክ ኦክሳይድ የማምረት አቅም ይደክማል፤ እንደ ልብ መስፋት ያቅታቸዋል። የደም ሥር በዝቶ ሳለ አንጀቱ ደም ይጠማዋል፤ ቁስሉ አልሽር የሚለው በከፊል ለዚህ ነው። በኮሎኖስኮፒ፣ ማለትም ወደ አንጀት በሚገባ ካሜራ፣ ሲታይም፣ በጤነኛ አንጀት ላይ ጥርት ብሎ የሚታየው የደም ሥር መረብ በኮላይትስ ጊዜ በእብጠቱ ይሸፈናል።

ታዲያ ማቆጥቆጡን ለምን አያስቆሙትም? ለካንሰር የሚሰጠው ቤቫሲዙማብ የተባለ መድኃኒት ቪኢጂኤፍን ይገታል፤ ነገር ግን ራሱ አንጀትን ሊበሳ ይችላል። በ2014 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ለእነዚህ የአንጀት ሕመሞች የተፈቀደው ቬዶሊዙማብ ግን በሌላ በር ነው የገባው፤ ነጭ የደም ሴሎች በአንጀት የደም ሥር ግድግዳ ላይ እንዳይጣበቁ ይከለክላል።

ጣጣው ከአንጀት ውጭም አለ። እነዚህ ሕመሞች ያሉበት ሰው በደም መልስ ውስጥ ደም የመርጋት ዕድሉ ከሌላው ሰው ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ ይደርሳል። ስለዚህ አንድ እግር ካበጠ ወይም ትንፋሽ በድንገት ካጠረ፣ «የእኔ ሕመም የሆድ ነው» ብለው አይዘግዩ፤ ፈጥነው ሐኪም ዘንድ ይሂዱ።