ሁለት ከበደዎች በአንድ ኮምፒውተር

በአንድ ሰፈር ሁለት ከበደ ቢኖሩ ችግር የለም፤ የአባት ስም ይጨመርና ይለያሉ። ኮምፒውተር ግን «ከበደን ጥራልኝ» ሲባል «የትኛውን?» ብሎ አይጠይቅም። በተሰጠው ቅደም ተከተል በር እያንኳኳ ይሄድና መጀመሪያ ያገኘውን ከበደ ይዞ ይመጣል። ዛሬ የማወራችሁ ይህ የሞክሼዎች ጣጣ እንዴት እልባት እንዳገኘ ነው። ፖለቲካ አይደለም፤ ግን መጨረሻ ላይ ፖለቲካ ፖለቲካ ቢሸታችሁ አልፈርድባችሁም።

ሪቻርድ ስቶልማን ጂኤንዩ ኢማክስ የተባለውን የጽሑፍ ማዘጋጃ ፕሮግራም መጻፍ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1984 ነው። የኢማክስ ትልቁ ጸጋ ማንም ሰው ሊስፕ በተባለ ቋንቋ ቅጥያ ጽፎ ሊያሰፋው መቻሉ ነው። ፕሮግራሙ ቅጥያ ሲፈልግ «ሎድ-ፓዝ» የሚባል የፎልደሮች ዝርዝር ከላይ ወደ ታች ይፈትሻል፤ መጀመሪያ ያገኘውን ይጭናል። ከኋላ ያለው ሞክሼ ተሸፍኖ ይቀራል።

ነገሩ የከረረው ቤተሰቡ ሲከፈል ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 ሉሲድ የተባለ ኩባንያ የራሱን ኢማክስ መሥራት ጀመረ። ኩባንያው በ1994 ቢዘጋም ፕሮግራሙ ኤክስኢማክስ ተብሎ ቀጠለ። ቅጥያዎች ለፍጥነት ሲባል ኮምፓይል ይደረጋሉ፤ ለአንዱ ኮምፓይል የተደረገው ፋይል ግን ሌላው ዘንድ ሊሰናከል ይችላል። ስማቸው አንድ ነው፤ ውስጣቸው ይለያያል።

እ.ኤ.አ. በ1993 በኢያን መርዶክ የተጀመረው ዴቢያን ይህን ችግር ወረሰ። ዴቢያን ሶፍትዌሮችን በፓኬጅ አዘጋጅቶ ለኮምፒውተሩ ተጠቃሚዎች ሁሉ የሚጭን ሥርዓት ነው። ከሁለቱ ኢማክሶች አንዱን መርጦ ሌላውን ማባረር ይችል ነበር። አላደረገውም።

ያደረገው እንዲህ ነው። የቅጥያው ምንጭ ጽሑፍ በአንድ የጋራ ፎልደር ይቀመጣል። ፓኬጁ ሲጫን በማሽኑ ላይ ላለው ለእያንዳንዱ ኢማክስ ለየብቻው ኮምፓይል ይደረግና በየራሱ ፎልደር ይገባል። ሌላ ኢማክስ በኋላ ቢጫን ለእሱም እንደዚሁ ይሠራለታል። ምንጩ የጋራ፣ ውጤቱ የግል።

ቀጥሎ ማን ይቅደም የሚለው ተደነገገ። ለአንድ ኢማክስ ብቻ የተለየው ፎልደር ከጋራው ይቀድማል። የማሽኑ አስተዳዳሪ በእጁ የጫነው ደግሞ ዴቢያን ከጫነው ይቀድማል። እኔን የሚገርመኝ ይሄኛው ነው። ፓኬጅ ሲጫን በማሽኑ ላይ ሙሉ ሥልጣን አለው፤ የፈለገውን ፋይል መደምሰስ ይችላል። ደንቡ ግን በአስተዳዳሪው ፎልደር ውስጥ ፋይል እንዳያስቀምጥ፣ የተጠቃሚውንም ቤት እንዳይነካ ይከለክለዋል። ጉልበት ያለው ራሱን ከሰልፉ ኋላ አቆመ ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2012 ኢማክስ 24 የራሱን የፓኬጅ መጫኛ ይዞ ሲመጣ ጥያቄው እንደገና ተነሣ። አሁን ማንኛውም ተጠቃሚ ቅጥያ አውርዶ በራሱ ቤት ማስቀመጥ ቻለ። ያው ቅጥያ በዴቢያን በኩል ለሁሉም ተጭኖ ቢሆንስ? መፍትሔው የፎልደሩ ስም የቅጥያውን ስምና የሥሪት ቁጥሩን አብሮ እንዲይዝ ማድረግ ነበር። ዴቢያንም ፓኬጆቹን በዚሁ መልክ ማዘጋጀት ያዘ፤ ፕሮግራሙ ሁለቱንም አይቶ አዲሱን ሥሪት ይመርጣል። ከበደ በስተመጨረሻ የአባት ስም አገኘ።

ሁሉም ተፈታ ማለቴ አይደለም። ኦርግ የተባለው ቅጥያ ከኢማክስ ጋር አብሮ ይመጣል። አሮጌው አንዴ ከተጫነ በኋላ አዲሱ ቢከተል ግማሹ ከአሮጌው፣ ግማሹ ከአዲሱ ይሆንና ስሕተት ይፈጠራል። ደንብ የሚሠራው ከመጀመሪያው ሲከበር ነው።

ቢሆንም ኢማክስ ውስጥ የትኛው ፋይል በየትኛው እንደተሸፈነ ዘርዝሮ የሚያሳይ ትእዛዝ አለ። የተሸነፈው ማን እንደሆነ፣ በማን እንደተሸነፈ ማንም ጠይቆ ማወቅ ይችላል። ሁለት ከበደዎች በሰላም የኖሩት አንዳቸው ስለተባረሩ አይደለም፤ ቅደም ተከተሉ ተጽፎ ለሁሉም ስለታየ ነው።