ባሕር ማዶ ያለውን ቡድን ስለ መውደድ

ሰው በተወለደበት ከተማ ያለውን ቡድን ቢወድ የሚያስደንቅ ነገር የለውም፤ ተጫዋቾቹን በመንገድ ያገኛቸዋል፥ ሜዳውንም በእግሩ ሄዶ ያየዋል። ባሕር ማዶ ያለውን፥ ደጃፉን እንኳ ረግጦት የማያውቀውን ቡድን የሚወድ ሰው ግን ፍቅሩ በምን እንደ ታሰረ መመርመር ይገባል። ለዚህም የቻይና ወጣቶችና የሂዩስተን ሮኬትስ ታሪክ ይበቃናል። ዓመታቱን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እንጽፋለን።

ሮኬትስ በአሜሪካ አገር በቴክሳስ የሚገኝ የቅርጫት ኳስ ቡድን ነው። በ2002 ዓ.ም. የአሜሪካ ቡድኖች አዲስ ተጫዋቾችን በየተራ ሲመርጡ፥ ሂዩስተን ከሁሉ አስቀድሞ የሻንጋዩን ተወላጅ ያዎ ሚንግን መረጠ። ቁመቱ 2 ሜትር ከ29 ሳንቲ ሜትር ነበር። በዚያ ሰሞን በቻይና ስንት ሰው ካርታ ዘርግቶ ሂዩስተን ወዴት እንደ ሆነች እንደ ፈለገ እግዚአብሔር ይወቅ።

በሂዩስተን ማታ ሲጫወቱ በቤጂንግ የማግሥቱ ጧት ነው፤ በሁለቱ መካከል እንደ ወራቱ የ13 ወይም የ14 ሰዓት ልዩነት አለና። ስለዚህ የቻይና ተማሪና ሠራተኛ ቡድኑን ሊያይ የሚችለው ሌላው ሰው ለትምህርቱና ለሥራው በሚቀመጥበት ሰዓት ነበር። በ2005 ዓ.ም. ተመልካቾች የዓመቱን ታላላቅ ተጫዋቾች በድምፅ ሲመርጡ ያዎ 2,558,278 ድምፅ አገኘ፤ ከዚያ በፊት ይህን ያህል ያገኘ አልነበረም፥ ማይክል ጆርዳንም ቢሆን።

ለመሆኑ እነዚህ ሰዎች የወደዱት ሰውየውን ነው ወይስ ቡድኑን? ይህ በ2011 ዓ.ም. ተለየ። ያዎ እግሩ ደጋግሞ ስለ ተጐዳ ገና በ30 ዓመቱ ጨዋታ ተወ። አያሌዎች ከእርሱ ጋር ተሰናበቱ፤ አያሌዎች ግን የአገራቸው ልጅ የሄደበትን ቡድን ሳይለቁ ቀሩ። እኔ የእነዚህን ፍቅር አከብረዋለሁ፤ ከትውልድ ያልመጣ፥ ዘጠኝ ዓመት ጧት ጧት ከማየት የተወለደ ነውና።

ፈተናው የመጣው በኦክቶበር 4 ቀን 2019 ዓ.ም. ነው። በሆንግ ኮንግ ሕዝብ ለተቃውሞ ሰልፍ በወጣበት ጊዜ፥ የሮኬትስ ዋና ሥራ አስኪያጅ ዳሪል ሞሪ ሰልፈኞቹን የሚደግፍ አጭር ቃል በትዊተር ላይ ጻፈ፤ ጥቂት ቈይቶም አጠፋው። ነገር ግን ካፍ የወጣ አፋፍ ነውና ቃሉ ቻይና ደረሰ። የመንግሥቱ ቴሌቪዥን የሮኬትስን ጨዋታ ማሳየት አቋረጠ። የቻይና የቅርጫት ኳስ ማኅበርም ከቡድኑ ጋር የነበረውን ግንኙነት አቆመ። የማኅበሩ መሪ ማን ነበረ? ያዎ ሚንግ ራሱ።

ወጣት አንባቢ ሆይ፥ በዚያች ሳምንት ራስህን በአንድ የቻይና ደጋፊ ቦታ አድርገህ አስብ። ቡድንህን ብትይዝ ከሃዲ ልትባል፥ አገርህን ብትይዝ የ17 ዓመት ወዳጅህን ልትጥል ነው። ቃሉ ሲጻፍም ሆነ ቴሌቪዥኑ ሲዘጋ አንተን የጠየቀህ የለም። የቡድኑ ባለቤት አያውቅህም፤ የምታይበትም መስኮት መዝጊያ በሌላ ሰው እጅ ነው። አንድ ወጣት እስከ ሞት ከቡድኔ ጋር ነኝ ብሎ፥ ሰንደቅ ዓላማና መለኰሻ ይዞ የተነሣውን ፎቶግራፍ አወጣ፤ ፖሊሶችም ያዙት። ባንዲራን አቃጥላለሁ ማለትን አላመሰግንም፤ ነገር ግን ይህን ልጅ በሁለት ፍቅር መካከል ያቆሙት ሰዎች ስሙን እንኳ አያውቁም ነበር። ከርሱ ይልቅ ብልህ የሆኑት ዝም ብለው ሌላ ቡድን ያዙ።

ሞሪ በ2020 ዓ.ም. ከሂዩስተን ለቀቀ። የቻይና መንግሥት ቴሌቪዥንም በዚያው ዓመት በኦክቶበር ከአሜሪካ የፍጻሜ ጨዋታዎች አንዱን አሳየ፤ የሂዩስተን ጨዋታ ግን አልነበረም። በሂዩስተን አዳራሽ ጣራ ሥር በ2017 ዓ.ም. ለክብሩ የተሰቀለው የያዎ ሚንግ 11 ቍጥር በዚያ ሁሉ ጠብ ጊዜ ከቦታው አልወረደም።